የመልክ ለውጥና የባሕርይ ለውጥ በገበያ፥ በጐተራና በእርሻ

ማር በኅዳር ወር ከቀፎ ሲቈረጥ እንደ ዘይት ይፈስሳል። ይህንኑ ማር ነጋዴ ገዝቶ በደጋ አገር ቢያኖረው፥ በጥር ወር እንስራውን ሲከፍት እንደ ሞራ ረግቶና ነጥቶ ያገኘዋል። እንዲህ ሲሆን ነጋዴው «ስኳር ቀላቅሎ ሸጠልኝ» ብሎ ሻጩን ከሹም ፊት ያቆመዋል። በሌላ ወገን ደግሞ በዐውድማ ላይ ሳለ ዝናብ የመታው እህል በክምር ውስጥ ሞቆ ከሻገተ በኋላ፥ ባለቤቱ በፀሐይ አስጥቶ፥ አንፍሶና አበጥሮ ወደ ጐተራ ሲያመጣው መልኩ ደኅና ስለሚመስል ማንም አይከስሰውም። ከነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ፊተኛው ሳይበድል የሚከሰስ፥ ኋለኛው ግን ለበላተኛው ጕዳት አቅርቦ የሚመሰገን ነው። ሁለቱም ፍርዶች የተጣመሙበት ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም የነገርን መልክ መለወጥ ከባሕርይ መለወጥ ሳይለዩ መፍረድ ነው።

በትምህርት ቤት ቋንቋ የመልክ ለውጥ አካላዊ ለውጥ፥ የባሕርይ ለውጥ ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል። አካላዊ ለውጥ ማለት ነገሩ ያው ራሱ ሆኖ ሳለ ቅርጹ፥ ድቀቱ፥ ፈሳሽነቱ ወይም ደረቅነቱ ብቻ ሲለወጥ ነው። እንጨት ሲፈለጥ፥ ጤፍ ሲፈጭ፥ ጨው በውሃ ሲሟሟ፥ ቅቤ በእሳት ዳር ሲቀልጥ እንጨቱ እንጨት፥ ጤፉም ጤፍ መሆኑን አልተወም። ኬሚካዊ ለውጥ ግን አንዱ ነገር ጠፍቶ በርሱ ፈንታ ሌላ ነገር ሲፈጠር ነው። እንጨት ሲነድ አመድ፥ ጢስና የማይታይ አየር ይሆናል፤ ማረሻ ሲዝግ ብረቱ ከአየርና ከእርጥበት ጋራ ተዋሕዶ ቀይ ትቢያ ይሆናል፤ ገብስ ሲበቅል ውስጡ ያለው የእህል ዱቄት ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ብቅል የሚጣፍጠውም ስለዚህ ነው።

የዚህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ አጥርታ የምታሳይ ሸክላ ሠሪ ናት። ጭቃውን አቡክታ ማሰሮ ካበጀች በኋላ በፀሐይ ብታደርቀው ማሰሮው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ይመስላል። ነገር ግን በውሃ ቢነክሩት ፈርሶ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ፀሐይ ያወጣችው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ውሃ ብቻ ነውና። በእሳት ስትተኵሰው ግን ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ከአፈሩ ባሕርይ ጋራ የተዋሐደው ውሃ ራሱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማሰሮው ቢሰበርና ቢደቅቅ ገል ይሆናል እንጂ ጭቃ አይሆንም።

ይኸው ነገር በእርሻ ላይ ሲደረግ ኪሣራ አለበት። በሸዋ ደጋ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች የሣር ሥር የያዘውን አፈር እየከመሩ በኩበት ሲያጋዩት መኖራቸው የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አዝመራው ያምራል፤ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፎስፎረስ ስለሚፈታው ነው። ነገር ግን የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠልና ሥር ተቃጥሎ ወደ አየር ይሄዳል፤ እሳቱ ያገኘው የሸክላ አፈርም እንደ ማሰሮው ተተኵሶ እንደ አሸዋ ይንኰታኰታል። ስለዚህ መሬቱ ጥቂት አዝመራ ከሰጠ በኋላ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። ኩበትን ማንደድም ከዚህ የሚቀራረብ ነው። ኩበት ሲደርቅ ማዳበሪያነቱ አብዛኛው አለ፤ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ በጢስ ይጠፋል፥ በአመዱ የሚቀረው ፎስፎረስና ፖታሲየም ነው።

እንግዲህ አንዱን ለውጥ ከሌላው ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚነገሩ ምልክቶች አሉ፤ እነርሱም አዲስ ሽታ፥ አዲስ ቀለም፥ አረፋ፥ ሙቀት ናቸው። ምልክቶቹ ይረዳሉ፥ ብቻቸውን ግን ፍርድ አይሆኑም። ፈልቶ የሚንተከተክ ውሃ ያረፋል፥ ውሃነቱን ግን አልተወም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በውሃ ሲሟሟ ዕቃው እጅ እስኪሰማው ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ይህም መሟሟት እንጂ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ አይደለም። «ወደ ነበረበት ከተመለሰ አካላዊ፥ ካልተመለሰ ኬሚካዊ ነው» የሚለውም አነጋገር ለሕፃናት ትምህርት ይመቻል እንጂ ለዳኛ አይበቃም። የተፈለጠ እንጨት ተመልሶ ግንድ አይሆንም፥ ለውጡ ግን አካላዊ ነው። የተቃጠለ ኖራ ደግሞ ከታች እንደሚነገረው በአየር ላይ ሲቈይ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ይመለሳል፥ ለውጡ ግን ኬሚካዊ ነው። የሚበጀው ጥያቄ አንድ ነው፤ አሁን በፊታችን ያለው ነገር ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ?

ወደ ማሩ ነገር እንመለስ። ማር በጥቂት ውሃ ውስጥ እጅግ ብዙ ስኳር የተሟሟበት ነገር ነው። ውሃው ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ17 እስከ 20 ይሆናል፤ ስኳሩም በተለይ ሁለት ዓይነት ነው፥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይባላል። ከነዚህ ግሉኮስ ውሃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለ ሆነ ቀስ በቀስ እየተለየ ደቃቅ ጠጠር ይሆናል። መርጋት የሚባለው ይህ ነው። ከሁሉ የሚፈጥነውም ሙቀቱ 14 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ የደጋው ብርድ ማሩን የሚያረጋውም ስለዚህ ነው። ንቡ የቀሰመው አበባ ግሉኮስ የሚበዛበት ከሆነ ማሩ ቶሎ ይረጋል፤ የትግራይ ነጭ ማር በመርጋቱ የታወቀ ነው፥ በዚህም ዋጋው አይቀንስም። ዕቃውን እጅ በሚችለው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት ጠጠሩ ተመልሶ ይሟሟል። ስለዚህ የማር መርጋት ብቻውን ስኳር ለመቀላቀሉ ማስረጃ አይሆንም። በአንጻሩም መርጋቱ ለንጽሕናው ምስክር አይደለም፤ ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ሊረጋ ይችላልና። በገበያ የሚደረገው ፈተና፥ በውሃ ላይ ማንጠብጠብም ሆነ በክብሪት ማንደድ፥ የማሩን ውፍረትና እርጥበት ያሳይ እንደ ሆነ እንጂ ምን እንደ ተቀላቀለበት አይናገርም። ክርክሩ የጸና እንደ ሆነ ናሙናው ታትሞ ወደ መመርመሪያ ቤት መላክ አለበት።

ማር በእውነት የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፥ ውሃው ከመቶ ከ20 ሲበልጥ በውስጡ ያለ እርሾ ይነሣና ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳዮክሳይድ ወደሚባል አየር ይለውጠዋል። ክዳኑ ይነሣል፥ አረፋ ይወጣል፥ ሽታው ጠጅ ጠጅ ይላል። ጠጅ ጣይ ይህንን ወድዳ ታደርገዋለች፤ ማር ነጋዴ ግን ሳይወድ ያገኘዋል፥ በእሳት ቢያሞቀውም የተበላው ስኳር አይመለስለትም። ሁለተኛው፥ የረጋውን ማር ለማቅለጥ ድስቱን በቀጥታ በእሳት ላይ መጣድ ነው። በዚህ ጊዜ ስኳሩ ራሱ መፍረስ ይጀምራል፥ ማሩም ይጠቍራል። ከዚህ መፍረስ የሚወጣው ነገር በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ከ40 ሚሊግራም፥ ማሩ ከሞቃት አገር የመጣ እንደ ሆነ ከ80 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የዓለም የምግብ ደንብ ወስኗል፤ የበለጠ እንደ ሆነ ወደ ውጭ አገር የተላከ ማር ሊመለስ ይችላል። በችኰላ ማቅለጥ ጥሩውን ማር እንዲህ ያስነቅፈዋል።

የቅቤ ነገር አጭር ነው። በቈላ ቀልጦ፥ በደጋ ረግቶ ቢመጣ ቅቤው ያው ነው። የቈየ ቅቤ ግን ስቡ ከውሃውና ከአየሩ የተነሣ እየፈረሰ ቢዩትሪክ የሚባል ኮምጣጣ ነገር ይለቅቃል፤ አፍንጫን የሚመታው ሽታም ከዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ቅቤ በቅመም አንጥሮ ሽታውን መሸፈን ይቻላል፥ የፈረሰውን ስብ መመለስ ግን አይቻልም። ቅቤ ገና በጥሩነቱ ሳለ ከተነጠረ ለረዥም ጊዜ የሚቈየውም ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ስለሚለዩለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእህል ነገር ነው። እህል በጐተራ ሳለም ሕያው ነው፥ ይተነፍሳል፤ በውስጡ ያለውንም ስኳር ከኦክሲጅን ጋራ እያዋሐደ ካርቦን ዳዮክሳይድ፥ ውሃና ሙቀት ያወጣል። ደረቅ እህል ይህንን የሚያደርገው እጅግ በዝግታ ስለ ሆነ አይታወቅም። እርጥብ እህል ግን ያፈጥነዋል፤ ሻጋታውና ነቀዙም ከርሱ ጋራ ይተነፍሳሉ። አንድ ኪሎ ስኳር በዚህ መንገድ ሲያልቅ 600 ግራም ውሃ ይወለዳል። ያም ውሃ በአጠገቡ ያለውን ደረቅ እህል ያረጥባል፥ እርሱም በተራው ይሞቃል። በክምር መካከል እጅ ሲያገቡ የሚሰማው ሙቀት ይህ ነው። ስለዚህ የሞቀ እህል ገና ሊበላሽ ያለ ሳይሆን መበላሸት የጀመረ ነው፤ ዕለቱን ተገልብጦ ሊሰጣ ይገባዋል።

እዚህ ላይ የጐተራ ጠባቂ ጠንቅቆ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ዝናብ የመታው እህል ሳይሞቅ፥ ሳይበቅልና ሳይሻግት በዚያው ቀን ቢሰጣና ቢደርቅ ውሃው ገባ፥ ውሃው ወጣ፤ እህሉ ያው እህል ነው፥ ሊነቀፍ አይገባም። ሰንብቶ የሞቀና የሻገተ እንደ ሆነ ግን ፀሐይ የምታወጣው ውሃውን ብቻ ነው። ሻጋታው የሠራው ነገር በእህሉ ውስጥ ይቀራል። በተለይ በበቈሎ፥ በማሽላና በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከሞቱ በኋላ ነው። ሲመረመር ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። መርዙ ጕበትን ይጐዳል፥ ሲደጋገምም የጕበት ነቀርሳ ያመጣል። በእንጀራ ምጣድም ሆነ በድስት ሙቀት አይጠፋም፤ ፈጽሞ የሚፈርሰው ከ250 ዲግሪ በላይ ነውና። ዱቄት ማድረግም አይረዳም፤ መፍጨት መልክን ይለውጣል እንጂ መርዝን አያፈርስም፥ የሻገተውንም ፍሬ ከዐይን ይሰውራል። የሻገተውን እህል በብዙ ጥሩ እህል መካከል መበተን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የሚጠቅመው ሳይፈጭ በፊት የጠቈረውንና የተሸበሸበውን ፍሬ በእጅ መልቀም፥ የተለቀመውንም ለከብትና ለዶሮ አለመስጠት ነው።

እህሉ ለጐተራ መድረቁን ለማወቅ በጥርስ መስበር የቈየ ልማድ ነው፥ ለለመደ ሰውም ጥሩ ነው። ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ለሁሉ የሚታይ ሌላ ፈተና አለ። ደቃቅ ጨው በፀሐይ ብዙ ሰዓት ይደርቃል። ከዚያ የደረቀ ጠርሙስ ሲሶው በእህል ይሞላና ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፥ ተከድኖም አንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። እህሉ ሲረጋ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የእህሉ እርጥበት ከመቶ ከ15 በላይ ነው፤ ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው። ለወራት ለሚቀመጥ በቈሎ ከ12 እስከ 13 መውረድ ስለሚሻል፥ ጨው ያልተጣበቀበትንም እህል አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት አይጐዳም። ለዘር የሚሆን እንደ ሆነ ደግሞ ጨውም ጥርስም አይበቁም፤ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል ማየት ነው።

በሐረርጌ እንደ ተለመደው ማሽላን በጕድጓድ ማኖር ከነቀዝ ያድናል፤ እህሉ ራሱ ኦክሲጅኑን ተንፍሶ ይጨርሰዋልና ነቀዙ ይታፈናል። ነገር ግን ያው አየር ሰውንም ይገድላል። ካርቦን ዳዮክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጕድጓዱ ቢከፈትም ከታች ተኝቶ ይቈያል። አዲስ ወደ ተከፈተ ጕድጓድ ወዲያው የወረደ ሰው ሳይጮኽ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደውም ይከተለዋል። ፋኖስ በገመድ አውርዶ ቢጠፋ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ፋኖሱ ባይጠፋም ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ አየሩ ለሰው ሲከፋ ፋኖስ ገና ሊበራ ይችላልና። ስለዚህ ጕድጓዱ ተከፍቶ ብዙ ሰዓት ሊቈይና አየሩ ሊናፈስ ይገባል፤ የሚወርደውም ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፥ ከላይ ጐታቾች ቆመውለት ይሁን። ይህንን ለሕዝብ በየአጥቢያው ማስታወቅ የወረዳ ሹም ሥራ ነው።

በማዳበሪያ ግምጃ ቤት የሚሠራው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስብና በከረጢቱ ውስጥ ተጣብቆ እንደ አለት ይሆናል። «ተበላሽቷል» ተብሎም ገበሬው አልቀበልም ይላል። ነገር ግን መጣበቅ አካላዊ ለውጥ ነው፤ ከመቶ 46 ያህል የሆነው ናይትሮጅኑ አልሄደም፥ ሰብሮና አድቅቆ መዝራት ይበቃል። ዩሪያ በእውነት የሚለወጠው እርጥብ በሆነ መሬት ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ሕይወት ወደ አሞንያ ይለውጠዋል፤ ያም አየር ስለ ሆነ ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል። ተጣብቆ የተጣለውም ከረጢት፥ ሳይሸፈን የተበተነውም ዩሪያ ያው ዕዳ የተከፈለበት ገንዘብ ነው።

የኖራ ነገር በመጨረሻ ቢመጣም አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግር ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተነካ እንደ ሆነ ይገመታል፤ በወለጋና በጎጃም ደጋ የሚታወቅ ችግር ነው። በአዊ ፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ በእንዲህ ያለው መሬት ላይ እህሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን ዴከረንስ የሚባል ግራር ተክሏል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የእህሉን ሥር ያሳጥራል፤ የሚዘራውም ፎስፎረስ በውሃ ከሟሟ በኋላ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋራ ተዋሕዶ ይታሰራል። መድኀኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን «ኖራ» በሚለው ስም ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይሸጣሉ፥ ሦስቱም ነጭ ዱቄት ናቸው።

ፊተኛው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። መፍጨት አካላዊ ለውጥ ስለ ሆነ ነገሩ ያው ድንጋይ ነው። ሆኖም ድቀቱ ይፈለጋል፤ የላመው ዱቄት በአንድ ክረምት ከአሲዱ ጋራ ይዋሐዳል፥ የሻከረው ግን በአፈር ውስጥ ለዓመታት እንደ ጠጠር ይቀመጣል። ሁለተኛው ድንጋዩ በ900 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ የሚገኘው ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆሴፍ ብላክ በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ክብደቱ የሚቀንሰው ታስሮ የነበረ አየር ስለሚወጣ ነው። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎው አየር ሆኖ ይሄዳል፥ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይቀራል። ሦስተኛው በዚህ ላይ ውሃ ተጨምሮ የበረደው ነው፤ 56 ኪሎው 18 ኪሎ ውሃ ይዞ 74 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ 100 ኪሎ የተፈጨ ድንጋይ፥ 74 ኪሎ የበረደ ኖራና 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ የሚሽሩት አሲድ እኩል ነው። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል የተፈጨ ድንጋይ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ በርሱ ፈንታ የሚበቃው 11.2 ኩንታል የተቃጠለ ወይም 14.8 ኩንታል የበረደ ኖራ ነው። ዋጋን በኩንታል ብቻ አመዛዝኖ የገዛ ሹም ርካሹን ገዛሁ ሲል ውዱን ሊገዛ ይችላል።

ሦስቱን ለመለየት ጥቂት ዱቄት በሳሕን አድርጎ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። የተፈጨው ድንጋይ አየሩን ገና እንደ ያዘ ነውና ያርፋል፥ ይንሾካሾካል። የተቃጠለውና የበረደው፥ አዲስ እንደ ሆኑ፥ እምብዛም አያርፉም። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ውሃ ይለያቸዋል፤ የተቃጠለው ውሃ ሲነካው እጅግ ይሞቃል፥ የበረደው አይሞቅም። የተቃጠለ ኖራ ቆዳንና ዐይንን ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አይነካም፤ ዝናብ በሚያፈስስ ግምጃ ቤት ውስጥም ከሣርና ከጆንያ ጋራ ቢቀመጥ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በአየር ላይ የቈየ እንደ ሆነ እርጥበቱንና ካርቦን ዳዮክሳይዱን መልሶ ይጠጣል፥ ያብጣል፥ ከረጢቱንም ይተረትረዋል። በኮምጣጤ ሲፈተንም አሁን ያርፋል። ይህ ኖራ አልጠፋም፥ ሊጣልም አይገባም፤ ነገር ግን ወደ ድንጋይነቱ ስለ ተመለሰ ለገበሬው ሲታደል በተቃጠለ ኖራ ሚዛን ሳይሆን በተፈጨ ድንጋይ ሚዛን ተመዝኖ ይሰጠዋል።